ሁለት ሰጪ፣ ተቀባይ የለ

ክረምት ሲመጣ ተማሪ ወደ ቤቱ ይገባል። ሻንጣውን ከአውቶቡስ አውርዶ የሰፈሩን ጭቃ እየዘለለ በሩ ላይ ሲደርስ፣ ቤተሰቡ የሚቀበለው ልጁን ብቻ አይደለም፤ ዕውቀትንም ጭምር ነው። «መጣልን!» ይባላል። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ውስጥ የተበላሸ ሁሉ ወደሱ ይመጣል። የጎረቤት ሬዲዮ፣ የአክስት ስልክ፣ የመብራት ሂሳብ፣ ሐኪም የጻፈው የማይነበብ ወረቀት። አንተ የታሪክ ተማሪ ሁን ወይም የእንስሳት ሕክምና፣ ግድ የላቸውም። ዩኒቨርሲቲ ገብተሃል፤ በቃ፣ ታውቃለህ። እኔማ ይባስ ብዬ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ እንድንስቅ ብቻ አይደለም። ኑዛዜም አለበት።

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ አዲስ አበባ፣ እናቴ ቤት ነው። ታላቅ እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ታናሽ ወንድሜ ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። ከትምህርት ቤት እንደወጣ እግሩ በቀጥታ ወደ ሰፈራችን ጌም ቤት ነው። የዳቦ ብር ይጠፋል፤ የደብተር ብር ይጠፋል፤ አንዳንዴም ልጁ ራሱ እስከ ምሽት ይጠፋል። እናቴ ብትቆጣ፣ ብትመክር፣ አንድ ሁለቴም በማማሰያ ብታባርረው አልሆነም። በመጨረሻ ለእህቴ ነገረቻት። እህቴም «ቤት ከተጫወተ ዓይንሽ ያየዋል» ብላ ከደመወዟ ቆጥባ አንድ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ገዛች። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወደ አገር በሚመለስ ሰው እጅ ደረሰን።

ዕቃው ሲፈታ ቤቱ የልደት ቤት መሰለ። ጎረቤት ገባ፤ ሕፃናት በሩ ላይ ተኮለኮሉ። ችግሩ የታየው ገመዱን ስንፈልግ ነው። የኛ ቴሌቪዥን ጀርባው የተቆለለ የድሮ ቴሌቪዥን ነው። ፊቱ ላይ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳዎች አሉት። ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ ምስል የሚያወጣው ኤችዲኤምአይ በሚባለው ጠፍጣፋ ቀዳዳ ብቻ ነው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም።

ይኼኔ ወንድሜ ዓይኑን ወደ ላፕቶፔ ወረወረ። ይቺ ላፕቶፕ እናቴ የወጣላትን ዕቁብ ሙሉውን ከፍላ የገዛችልኝ ናት። ጎኗን አየሁ፤ ያው ጠፍጣፋ ቀዳዳ አለ። «ይኸው!» አልኩ። ገመዱ በሁለቱም በኩል ልክክ ብሎ ገባ። ደስ አይልም? የሚገጥም ነገር ሁሉ የሚሠራ ይመስለናል።

ፕሌይስቴሽኑ ሰማያዊ መብራቱን አበራ። ላፕቶፑ ግን ምንም። የራሱን ገጽ እያሳየ ይቀልድብናል። ነቅዬ ሰካሁ። ገመዱን ገለበጥኩት። ላፕቶፑን ዘግቼ ከፈትኩ። የስክሪን ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ያልነካሁት ነገር አልቀረም። ቡናው አቦል አልፎ ቶና ደረሰ።

ወንድሜ አጠገቤ ተንበርክኮ ሲያየኝ ቆየና እንዲህ አለኝ። «ጋሼ፣ ትምህርት ቤት መምህራችን ላፕቶፑን ከፕሮጀክተር ጋር ሲያገናኝ ምስሉ በዚችው ቀዳዳ አይደል የሚወጣው?»

«አዎ፤ ታዲያስ?»

«ታዲያ በሚወጣበት እንዴት ይገባል?»

ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር። «ዝም በል እስቲ! ስለማታውቀው ነገር አትዘባርቅ» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ትክክለኛውን ነገር የሚናገር ሰው አልነበረም።

እናቴ ሲኒዎቹን እየሰበሰበች «ምን ሆነ ልጄ?» አለች። አሁን እዚህ ላይ «አላውቅም» የምትል አንዲት ቃል ብትወጣኝ ኖሮ ይኼ ጽሑፍም አይኖርም ነበር። አልወጣችኝም። «ማሽኑ ነው ችግሩ። አታልለዋት ነው የሸጡላት» አልኩ።

ማታ በኢሞ ተደወለ። እህቴ ሥራዋን ጨርሳ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ነበር። እናቴ የነገርኳትን ነገረቻት። የእህቴ ፊት ትንሽዋ ስልክ ላይ ዝም አለ። «ሻጩ እኮ ፊቴ ላይ አብርቶ አሳይቶኛል» አለች ቀስ ብላ። እኔም ከኋላ «በመንገድ ተንቀጥቅጦ ይሆናል» ብዬ ሁለተኛውን ውሸት በመጀመሪያው ላይ ደረብኩት። «እሺ» አለች። «ልጁን አይዞህ በሉት። ለሌላ አጠራቅማለሁ።»

ለሌላ አጠራቅማለሁ። እናንተ ደመወዝ የላችሁምና ይቺ ቃል ስንት ቀን እንደምትመዝን ላትገምቱ ትችላላችሁ። እኔም አልገመትኩም። ተኛሁ።

ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ወንድሜ «ጋሼ፣ አንዴ ና» ብሎ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ግራ ቀኝ አየ። «ይሠራል» አለኝ። «ምኑ?» «ፕሌይስቴሽኑ። በቦርሳዬ ይዤው ጌም ቤት ሄድኩ። የነሱ ቴሌቪዥን ላይ ሲሰኩት ወዲያው በራ። ምንም አልሆነም።» ከዚያ ጭቃውን በጫማው እየጫረ፣ «ለእማዬ አልነገርኳትም» አለ።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ክብሬን ጠብቆልኝ ቆሟል። ዝም በል ያልኩት እሱ ነው። ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ያን ሌሊት ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ እሱን አልነበረምን? ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ሆነ፤ ቀላልነቱም ይበልጥ አሳፈረኝ። ቴሌቪዥን ከጥንቱም እንግዳ ለመቀበል የተሠራ ዕቃ ነው። ከውጭ የሚመጣለትን ተቀብሎ ማሳየት ሥራው ነው። ላፕቶፕ ግን ስክሪኑ ለራሱ አንጎል ብቻ የታሰረ ነው። ከማዘርቦርዱ ተነስታ በማጠፊያው በኩል ወደ ስክሪኑ የምትወጣ ቀጭን ገመድ አለች። ምስል ወደ ስክሪኑ የሚደርሰው በሷ ብቻ ነው። በጎኑ ያለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የተሠራው ምስሉን ወደ ውጭ፣ ወደ ፕሮጀክተር ወይም ወደ ቴሌቪዥን ለመላክ ነው። ከቀዳዳው ወደ ስክሪኑ የሚመለስ መንገድ ከውስጥ አልተሠራም። ስለዚህ በማስተካከያ ገጽ ብትዳክር፣ አዲስ ፕሮግራም ብትጭን፣ የሌለ መንገድ አይከፈትም። ፕሌይስቴሽኑም ሰጪ፣ ላፕቶፑም ሰጪ። ሁለት ሰጪ ፊት ለፊት ቆመው ተቀባይ የለ።

እርግጥ ለየት ያሉ ተሠርተው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኤሊየንዌር ኤም17ኤክስ አር3 የተባለው ላፕቶፕ ምስል የሚያስገባ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ነበረው። አፕል በ2009 መጨረሻ ያወጣው ባለ 27 ኢንች አይማክም የሌላ ማሽን ስክሪን ሆኖ ማገልገል ይችል ነበር። የኔና የናንተ ላፕቶፕ ግን ከነዚህ ወገን አይደለም።

ከዚሁ ንባብ ያገኘሁት የአንድ ሰው ታሪክ ደግሞ አለ፤ ራልፍ ቤየር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1922 ጀርመን አገር የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በ1938 ቤተሰቡ ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ ገባ። ይህ ሰው በ1966 አንድ ሐሳብ መጣለት። በየሰው ቤት ቴሌቪዥን ተቀምጧል፤ ጣቢያ ከማየት በቀር ለሌላ ነገር ቢውልስ? ሐሳቡ አድጎ በ1972 ማግናቮክስ ኦዲሴይ ተብሎ ለገበያ ወጣ። በቤት ውስጥ የሚሠራ የመጀመሪያው የቪዲዮ ጨዋታ ማሽን ይኸው ነው። የራሱ ስክሪን አልነበረውም። በቴሌቪዥኑ የአንቴና መግቢያ በኩል ገብቶ እንደ አንድ ጣቢያ ይታይ ነበር። ቀለም ስለማያውቅም ሥዕል ያለበት ግልጽ ፕላስቲክ መስተዋቱ ላይ ይለጠፍለት ነበር። እንግዲህ የጨዋታ ማሽን ከጥንስሱ በሰው ቤት የሚያድር እንግዳ ነው። በሩን የሚከፍትለት ይፈልጋል። እኔ በር የሌለው ግድግዳ ሳንኳኳ ውዬ ኖሯል እንግዳውን ሌባ ነው ያልኩት።

በማግሥቱ ጠዋት እናቴን ከምድጃው አጠገብ አገኘኋት። «እማዬ፣ ማሽኑ ደህና ነው። እኔ ነኝ ያላወቅሁት» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ታዲያ ልጅቷን ለምን አስለቀስካት?» አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ማታ ራሴ ደወልኩ። እህቴ እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ። ዝም ስትል ሰምታ የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። «ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ መሰለህ» አለች። «የሻጩን ፊት እያሰብኩ። እኔ ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ እያልኩ።» ከዚያ ትንሽ ቆየችና «አይ መሐንዲስ! መብራት ኃይል ቢቀጥርህ አገር በጨለማ ማደሩ ነው» ብላ ሳቀች። ሳቋ ይቅርታ እንደሆነ ገባኝ። ግን ከይቅርታው ይልቅ ያ «ሞኝ ነኝ» ያለችው ነው ዛሬም ጆሮዬ ላይ ያለው። ሞኙ ሌላ ሆኖ ሳለ የሞኝነቱን ሸክም እሷ ስትሸከም ሰነበተች።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ፤ ከናንተ መካከል በዶርም ይህንኑ የሚሞክር እንዳለ አውቃለሁና።

መንገድ አለ። ካፕቸር ካርድ የሚባል የጣት ያህል ዕቃ አለ። በአንድ ወገኑ ኤችዲኤምአይ ይቀበላል፤ በሌላው ወገን በላፕቶፑ ዩኤስቢ ይገባል። ላፕቶፑ እንደ ካሜራ ያየዋል። ይኸውላችሁ ተንኮሉ፦ ስክሪኑ እንግዳ አልቀበልም ቢልም አንጎሉ በዩኤስቢ በኩል ይቀበላል። አንጎሉ የተቀበለውን ደግሞ ስክሪኑ ማሳየት ግዴታው ነው። መርካቶ ሄጄ ርካሹን ገዛሁ። ገንዘቡ የኔ ነው፤ የግቢ ኪስ ገንዘብ ተጠራቅሞ።

ሰካሁት። ጥቁር። ልቤ ቀጥ አለች። በዚህ ጊዜ ግን ማንንም አልከሰስኩም፤ አነበብኩ። ፕሌይስቴሽኑ የሚልከውን ምስል ኤችዲሲፒ በሚባል ቁልፍ ይቆልፈዋል። ፊልም እንዳይቀዳ የተበጀ መከላከያ ነው። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ይህን ቁልፍ ባለቤቱ ራሱ ከማስተካከያው ገጽ ውስጥ «ሲስተም» ከሚለው ሥር ማጥፋት ይችላል። በፕሌይስቴሽን 3 ላይ ግን ማጥፊያ የለውም። ጥሩ፤ ግን ማስተካከያውን ለማየት ስክሪን ያስፈልጋል! ስክሪን እንዲኖርህ ስክሪን ይኑርህ እንደማለት ነው። ወንድሜ ሳቀ። «ና፣ ጌም ቤት» አለኝ።

እናቴ ስትረግመው የኖረችውን ያንን ቤት ያን ቀን መጀመሪያ ገባሁበት። ቆርቆሮ ቤት ነው፤ አራት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጭብጨባ። ባለቤቱ እንደ ጠላት የሚያየን መስሎኝ ነበር፤ ደንበኛ ልንነጥቀው ነዋ። «ግቡ፣ ሰኩት» አለ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ቁልፉን አጠፋን። ልከፍል ብል «የዚህን ልጅ ስንት ዓመት በልቻለሁ» ብሎ እጄን መለሰው።

ቤት ስንመለስ ምስሉ ላፕቶፑ ላይ ወጣ። የመጀመሪያ ቀን ድምፅ አልነበረውም። ዕቃው ድምፁን እንደ ማይክሮፎን ለብቻው ነው የሚያስገባው፤ ፕሮግራሙ እንዲያሰማው ማዘዝ ያስፈልጋል። ያን አላወቅንምና ወንድሜ ራሱ እየተጫወተ ራሱ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ እየተናገረ አመሸ። እናቴ ተኝታ በሳቅ ትንፈራፈር ነበር።

ከዚያ ሌላ ጉድ መጣ። ኳሷ መረብ ከነካች በኋላ ነው ግብ ጠባቂው የሚወድቀው። «ጋሼ፣ በረኛው ተኝቷል» አለ። አልተኛም፤ ምስሉ ነው የዘገየው። ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ሙሉ ምስል 1920 በ1080፣ ማለት 2,073,600 ነጥብ አለው። እያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት፣ በሴኮንድ 60 ምስል፤ ሲባዛ ወደ 3 ቢሊዮን ቢት በሴኮንድ ይጠጋል። ዩኤስቢ 2.0 የሚባለው መንገድ የሚያሳልፈው ቢበዛ 480 ሚሊዮን ነው። ማለት ከስድስት አንዱን እንኳ አያሳልፍም። ስለዚህ ዕቃው ምስሉን ጨምቆ ያስገባዋል፤ ላፕቶፑ የተጨመቀውን ዘርግቶ ያሳያል። መጭመቅና መዘርጋት ጊዜ ይበላል። አንድ ምስል የሚቆየው 17 ሺሕኛ ሴኮንድ ያህል ነው፤ ጥቂት ምስል ወደኋላ ከቀረ ጣትና ዓይን ይለያያሉ። ለፊልም ግድ የለም፤ ለፍጹም ቅጣት ምት ግን ሞት ነው።

ያደረግነው ይኸው ነው። ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ምስሉን አስቀድሞ ስለሚያጠራቅም ተውነውና በነፃ የሚገኘውን ኦቢኤስ ተጠቀምን። ምስሉን ወደ 1280 በ720 አወረድነው። ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ ዘጋን። መዘግየቱ አልጠፋም፤ ግን ቀነሰ። ወንድሜ ደግሞ ትንሽ ቀድሞ መጫንን ለመደ። ሰው የማይለምደው የለም።

ሌሎችም መንገዶች አሉ፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ ፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታውን በኔትወርክ ወደ ላፕቶፕ መላክ ይችላል፤ ሪሞት ፕሌይ ይሉታል። ካፕቸር ካርድ አያስፈልገውም። ግን ጥሩ ኔትወርክና አካውንት ይጠይቃል፤ የዶርማችን ኔትወርክ ምን እንደሚመስል ለናንተ አልነግርም። ሁለተኛው፣ የሞተ ላፕቶፕ ያለው ሰው ስክሪኑን አውጥቶ፣ በስክሪኑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር አይቶ፣ ለሱ የሚስማማ መቆጣጠሪያ ቦርድ ቢገዛለት የኤችዲኤምአይ መቀበያ ያለው ስክሪን ይሆንለታል። በሕይወት ያለ ላፕቶፕ ግን ለዚህ ብላችሁ እንዳትፈቱ፤ የእናት ዕቁብ ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ አስቂኝ ነው። ፕሌይስቴሽኑ ይሞታል፤ ላፕቶፑ በባትሪው ባዶ መስኮት ይዞ ይቀራል። ወንድሜ ያኔ ነው ደብተሩን የሚያወጣው። እናቴ መብራት ኃይልን የምትመርቅበት ሰዓት ይኸው ብቻ ነው።

ጌም ቤቱ ቀረ ወይ? ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ቤት ውስጥ በረኛ ይዘገያል፤ እዚያ ደግሞ ጓደኛ አለ። ግን አሁን ሲሄድ ተናግሮ ነው፤ ሲመሽ ይመለሳል። እህቴ ለሁለተኛ ማሽን ልታጠራቅም የጀመረችውን ገንዘብ ለእናቴ ብርድ ልብስ ገዛችበት። እኔም ወደ ግቢ ስመለስ ላፕቶፔን ይዤ ስለሄድኩ ልጁ እንደገና ያለ ስክሪን ቀረ። ይህንን አላሰብኩበትም ነበር። በኋላ ግን ምስሉን ወደዚያ የድሮ ቴሌቪዥን ቢጫ ቀዳዳ የሚለውጥ ትንሽ ሳጥን ገዝቼ በሰው ላክሁለት። ጽሑፉ ፈዝዞ ነው የሚታየው፤ በረኛው ግን በሰዓቱ ይወድቃል አሉ። ለካ መልሱ ከመጀመሪያው ቀን ቤታችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ዘንድሮም ክረምት እየመጣ ነው። እኛ አራት አምስት ዓመት የምንማረው መልስ መስጠት ነው። ፈተና ይሰጡናል፣ እንመልሳለን፤ ባዶ መተው ነጥብ ያስቀንሳል ብለን የማናውቀውንም እንሞላለን። ቤት ስንገባም ያንኑ ልማድ ይዘን ነው። ከጎናችን ያለችው ቀዳዳ መውጫ ብቻ ሆና ትቀራለች። ቤት ውስጥ የተበላሸ ነገር ሲመጣላችሁና ሰው ሁሉ ከቦ ሲያያችሁ፣ «አላውቅም፤ እስቲ ልየው» በሉ። አጠገባችሁ የተንበረከከ ልጅ ካለም መጀመሪያ እሱን ጠይቁት።

ወንድሜ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ጨርሷል። በቀደም ሲደውልልኝ «ጋሼ፣ ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ጥሩ ነው?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። «አንተ ምን ታስባለህ?»